እርጥብ አንሶላ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ አዋሽ ከተማ ለሥራ የመጣ ሰው ገበያው የት እንደሆነ ከመጠየቁ በፊት አንድ ነገር ይማር ነበር፤ አንሶላ መንከር። ትምህርቱ ከባድ አይደለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከጥጥ እርሻው የተመለሰው ሁሉ ምሳውን ይቀምስና አንሶላውን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ይጨምቀዋል። ከዚያ ነፋስ በሚመጣበት በኩል በረንዳ ላይ በተዘረጋ አልጋ ተጋድሞ እርጥቡን አንሶላ ከአንገቱ እስከ እግሩ ይለብሰዋል። ነፋሱ እርጥቡን ሲነካው ያቺ እሳት የሆነች ከተማ ለጥቂት ጊዜ ደጋ ትሆናለች። ሲደርቅ ተነስቶ እንደገና መንከር ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ላይ «ነከራችሁ?» ይባባላል፤ ይህም እንደ ሰላምታ ይቆጠር ነበር።

እኔና ባለቤቴ የመጣነው ከደብረ ብርሃን ነው። እሱ በእርሻው የትራክተር መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ፤ እኔ ደግሞ የሠራተኞቹን ልጆች አንደኛ ክፍል አስተምር ነበር። ውርጭ እየረገጥኩ ውሃ የቀዳሁ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ልብስ ያጠብኩ ሰው ነኝና አዋሽ ስደርስ ላቤን እየጠረግኩ ተመስገን አልኩ። ሰዎች ሙቀቱን ሲያማርሩ ስሰማ ይገርመኝ ነበር። ባለቤቴ ግን አልቻለውም። ግዙፍ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሞተር ሥር ተኝቶ ይውላል፣ ቤት ሲገባ ፊቱ በርበሬ መስሎ ነው። ስለዚህ በአዋሽ ከተማ ከእሱ የበለጠ የእርጥብ አንሶላ አማኝ አልነበረም። አንዳንዴ ጫማውን ሳያወልቅ ባልዲው ጋ ይደርሳል። እኔም ከሱ ጋር በአንድ አልጋ፣ በአንድ አንሶላ ሥር እተኛ ነበር። ገና ዓመት ያልሞላን ሙሽሮች ነን፤ ሙቀት ኖረ አልኖረ መራራቅ አይታሰብም።

በሁለተኛው ዓመታችን ጉንፋን ይሁን ወባ ያልለየለት ነገር ያዘኝና ሳምንት ያህል ጋደም ብዬ ተነሳሁ። ነገሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከቀትር እንቅልፍ ስነቃ ክንዴና ጭኔ ላይ ቀላ ያሉ እብጠቶች ጉብ ጉብ ብለዋል። አንዳንዱ ባቄላ ያህላል፤ አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ መዳፍ አክሏል። የሚያሳክከው ማሳከክ ደግሞ ሰው ፊት እንድቆም የሚያደርግ አልነበረም። የበሩን መቃን ታክኬ ጀርባዬን ሳሽ ባለቤቴ አይቶ ሳቀ፤ ቀረብ ብሎ ሲያየው ግን ሳቁን ተወው።

መጀመሪያ ትኋን ነው ተባለ። ባለቤቴ አልጋውን ፈታቶ ብረቱን በላምባ አጠበው፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ጥሎ በዱላ ወገረው። ለብዙ ቀን ቤታችን ነዳጅ ማደያ ነበር የሚሸተው። ትኋን አልተገኘም፤ እብጠቱም አልቀረም። እሱን አንድም ጊዜ አለመንከሱን ሳስታውሰው የኔ ደም ጣፋጭ ስለሆነ ነው ብሎ አለፈው።

ከዚያ ክሊኒክ ሄድኩ። የእርሻውን ክሊኒክ የሚሠራው አንድ ድሬሰር ነበር። ሐኪም ስላልነበረን ሁላችንም «ዶክተር» እንለዋለን፣ እሱም ደስ ብሎት አቤት ይላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይሄ ሽፍታ ሲመጣ ቤት ያፈርሳል፣ ሲሄድ ግን ዱካ አይተውም። ከቤቴ ክሊኒክ እስክደርስ፣ ወረፋ እስክጠብቅ፣ ቆዳዬ እንደ ሕፃን ቆዳ ጥርት ይላል። ዶክተር መነጽሩን አድርጎ ክንዴን እያገላበጠ የቱ ጋ እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ እኔ ቅድም እዚህ ጋ ነበር እላለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ እዚያ ጋ ነበር እላለሁ። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች የአስተማሪዋ በሽታ ዶክተር ሲያይ የሚደበቅ ነው እያሉ ይሳሳቁብኝ ጀመር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ግን አልደበቅኩትም፣ እሱ ራሱ ነው የሚደበቀው።

ዶክተር ሰውን ዋሸሽ የሚል ሰው አልነበረም። የነገርኩትን አምኖ እንዲህ ዓይነት ሽፍታ ብዙ ጊዜ ከሚበላ ነገር እንደሚመጣ፣ አንዳንዴም ምክንያቱ ጭራሽ እንደማይገኝ አስረዳኝ። ለጊዜው ግን አንድ አንድ ምግብ እየተውኩ እንድሞክር መከረኝ። እንቁላል ተውኩ። ቲማቲም ተውኩ። የአዋሽን አምባዛ ዓሣ ተውኩ፤ እሱን እንኳ ድሮም አልወደውም ነበር። በርበሬ ስተው ግን አለቀስኩ። መጨረሻ ላይ በደረቅ ዳቦና በሻይ የምኖር ሴት ሆንኩ፤ ሽፍታው ግን አልተወኝም። ቀጥሎ አውሮፕላኑ ጥጡ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ተጠረጠረ። አውሮፕላኑ ሳምንቱን ሙሉ ሳይነሳ ሲቀር እኔ እንደልማዴ አብጬ ነቃሁ። ለካ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ኖረናል።

አንድ የጠቀመኝ ነገር ዶክተር የሰጠኝ ቢጫ ክኒን ናት። እሷን የዋጥኩ ቀን ማሳከኩ ጋብ ይላል። ግን ከእንቅልፍ ጋር የምትመጣ ክኒን ነበረች። አንድ ጠዋት ሀ ሁን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ወንበር ላይ አረፍ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ከደወል በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ መንቃቴን ነው። ልጆቹ እንዳልነቃ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር የወጡት። እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው አያውቁም።

ከአጥራችን ማዶ ሻይ ቤት ያላት አንዲት ወሎዬ ነበረች፤ እንደ እህት ነበር የምታየኝ። እሷ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰችው፤ ሙቀት ነው አለች። የደጋ ሰው ደም ቆላ ሲወርድ ይፈላል፣ ሲፈላ ደግሞ በቆዳ በኩል መውጫ ይፈልጋል። ጥቁር አዝሙድ በማር አቀመሰችኝ፣ ዱዓ አደረገችልኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን ነፋስ ላይ ከሰቀለችው እንስራ ቀዝቃዛ ውሃ እየቀዳች አንሶላዬን በዚያ እንድነክር ትልክልኝ ነበር። ባለቤቴም ከሷ ጋር ተስማማ። ሁለተኛ አንሶላ ገዛ። ሲያሳክከኝ አንዱን ያለብሰኛል፣ ሌላውን ነክሮ በላዬ ላይ ያራግብልኛል፤ እብጠቱ በባሰ ቁጥር እሱ መንከሩን ያበዛል። ሥራ ደክሞት መጥቶ ከኔ አጠገብ ቆሞ ሲያራግብ ሳየው ሕመሜ ሁሉ ይረሳኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለኛ ነበር።

በዚህ መሀል ወሬው ደብረ ብርሃን ደረሰ። መንገደኛ ነው ያደረሰው፣ እንደ መንገደኛ ወሬም መንገድ ላይ አድጎ ነው የደረሰው። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ምራታቸው ቆዳዋ ተገፎ እንዳለቀ ሰምተው ኖሮ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ባቡር እንደሚመጡና ይዘውኝ እንደሚመለሱ ላኩብን። ቆላው ነው የበላት፤ አየሯን ታግኝ፣ ከሰፈራችን ምንጭ ሥር ጠበል ትጠመቅ፣ እስኪሻላት እኔ ዘንድ ትቆይ አሉ። ሁሉም ሰው ትክክል ነው አለ። ዶክተር እንኳ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ የአየር ለውጥ ሳይጠቅመኝ እንደማይቀር ተናገረ። ባለቤቴ ደግሞ የሥራ ውሉ ስላላለቀ ከአዋሽ ንቅንቅ አይልም።

እኔ መሄድ አልፈለግኩም። በግልጽ ልናገረው፤ ባሌን እወደው ነበር፣ ቤቴን እወዳት ነበር፣ ያቺን ሰው ሁሉ ሙቀቷን የሚረግምባትን ከተማም እወዳት ነበር። «እስኪሻላት» የሚለው ቃል ደግሞ ያስፈራኛል፤ መጨረሻ የለውም። የዚህን በሽታ ምክንያት እንኳ የሚያውቅ የለም፣ መሻሉን ማን ያውቃል? ወሎዬዋ ጎረቤቴ የፈራሁትን ነገር ሻይ እየቀዳች አፍ አውጥታ ነገረችኝ።

«እቱ፣ ክፉ አትይብኝና፣ እስኪሻላት ተብላ የሄደች ሚስት ስትመለስ አልጋዋን ሌላ ይዞት ነው የምታገኘው። ወላሂ ስንቱን አይቻለሁ። ባልሽ ደግ ነው፤ ደግ ወንድ ደግሞ ብቻውን አይተውትም። አብሽሪ፣ ግን አትሂጂ።»

አማቴ የሚመጡ ቀን እኔና ባለቤቴ ጣቢያ ወጣን። ባቡሩ ዘግይቷል። ከድሬዳዋ በሰጋቱራ ተጠቅልሎ የሚመጣ በረዶ ለጣቢያው ቡፌ ደርሶ ስለነበር ባለቤቴ ሊያጽናናኝ ብሎ በረዶ ውስጥ የቆየ ለስላሳ ገዛልኝ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ የቀዘቀዘ ነገር አልነካሁም። እየተጎነጨሁ፣ በመሀል ጠርሙሱን ክንዴ ላይ አጋድሜ ይዤ ሀዲዱን ሳይ ቆየሁ። በሆዴ እያለቀስኩ ነበር። ባቡሩ ሲገባ ተነስቼ ቀሚሴን ሳስተካክል ባለቤቴ አየኝና ደነገጠ። የታችኛው ከንፈሬ አብጦ ተንጠልጥሏል። ክንዴ ላይ ደግሞ ጠርሙሱ ቁጭ ብሏል፤ አንገቱ፣ ሆዱ፣ ሁሉም በቀይ እብጠት ተስሎ።

አማቴ ከባቡሩ ሲወርዱ መጀመሪያ ያዩት ያንን ከንፈር ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው የማይዛነፍ፣ የወደዱትን ሰው የሚቆጡ ሴት ናቸው። እኔን አቅፈው ልጃቸውን ዞረው አዩት።

«ደህና ናት ያልከኝ ይቺን ነው?» አሉት።

ቤት እንደገባን ከጉያቸው ከዚያው ምንጭ የቀዱትን በጠርሙስ ያለ ጠበል አወጡና ፊቴንና ክንዴን ረጩኝ። ጠበሉ ቀኑን ሙሉ ባቡር ውስጥ ተቀምጦ ለብ ብሎ ነበር። ቆዳዬ ምንም አላለም፤ እንዲያውም የከንፈሬ እብጠት በዚያው ሰዓት እየወረደ ሄደ። አማቴ ይህን አይተው ፊታቸው በራ። አየሽ፣ የጠርሙሱ ጠበል እንዲህ ካደረገ ምንጩ ሥር ብትገቢማ ምን ሊያደርግሽ ነው አሉኝ። ያንን ምንጭ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ጎህ ሲቀድ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ ራቁቴን ተጠምቄበታለሁ፤ ጥርሴ እስከ ቅዳሴ መውጫ ይንገጫገጭ ነበር።

አመሻሽ ላይ እነሱ እናትና ልጅ ሲያወጉ እኔ በረንዳው ላይ ክንዴን እያየሁ ተቀመጥኩ። የጠርሙሱ ሥዕል ጠፍቷል፣ ከሐሳቤ ግን አልጠፋም። ለስላሳው ከሆነ ያሳበጠኝ ክንዴን ምን አገናኘው? ክንዴ አልጠጣም። ጠርሙሱ ከሆነ፣ ብርጭቆ ስንት ጊዜ ይዤ አውቃለሁ። ያ ጠርሙስ ከሌላው ጠርሙስ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ዓይኔ ገመዱ ላይ ወደተሰጣው አንሶላ ሄደ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀቅዬ በማስተምርበት ሰዓት አንድም ቀን አብጬ አላውቅም። የማብጠው ከዚያ አንሶላ ሥር ስወጣ ነው፤ ነፋስ በበረታ ቀን ደግሞ ይብስብኛል።

ለማንም ሳልናገር በማግስቱ ቀትር ራሴን አሞኛል ብዬ ጓዳ ውስጥ ደረቅ ሰሌን ላይ ተኛሁ። ላቤ እንደ ውሃ ወረደ። ስነሳ ሰሌኑ ረጥቧል፣ ቆዳዬ ግን ንጹሕ ነው። አዋሽ ላይ ቅዝቃዜ በረከት ነው፤ ሰው ለሰው የሚመኘው፣ እንግዳ የሚቀበልበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ነገር ነው። እሱን መጠርጠር ለማን ይመጣል?

ልክ እንደተነሳሁ ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ። አማቴም ሐኪሙን ልሰናበት የምሄድ መስሏቸው ተከተሉኝ። ዶክተር ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። አዋሽ ላይ ብርድ አሳመማት ብለን ብንናገር ሰው ምን ይለናል አለ። ቆይቶ ግን ሳቁን አቁሞ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ሥልጠና ላይ ሳለ አንድ ሐኪም በቅዝቃዜ ስለሚመጣ ሽፍታ ሲያወራ ሰምቶ እንደነበር አስታወሰ፤ ያኔ ይሄስ ለደጋ ሰው ነው፣ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ብዙም አላዳመጠም። ወዲያው ወደ ቡፌው ሰው ልኮ በረዶ አስመጣና በቆርቆሮ ኩባያ ሞላው። ውሃው እንዳይነካኝ ኩባያውን ከውጭ በፎጣ አድርቆ ቂጡን ክንዴ ላይ አስቀመጠው። ቡና ተቀድቶ እስኪጠጣ የሚፈጀውን ያህል ቆይቶ አነሳው። መጀመሪያ ምንም የለም። ተያየን። ከዚያ ቆዳው ሞቅ ሲል ክብ ሆኖ፣ ኩባያው በተቀመጠበት ልክ፣ እያየነው ተነሳ።

ዶክተር እንዲያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ለወራት ሲሸሸው የኖረው በሽታ በመጨረሻ ዓይኑ ፊት ቁጭ አለለት። ክንዴን ይዞ ወረፋ ላይ ላሉት ሴቶች ሁሉ አሳየ።

አማቴ ግን አላመኑም። ብርድ እናታችን ነው፣ በውርጭ አይደል እንዴ ያደግነው አሉ። ነጠላቸውን ከክንዳቸው ገልጠው እኔም ላይ አድርግልኝ አሉት። ዶክተር ሌላ ኩባያ ሞልቶ አደረገላቸው። የሳቸው ክንድ ትንሽ ከመቅላት በቀር ምንም አላለም። አሁንም አልረኩም፤ የኔ ኩባያ መድኃኒት የተቀባ መሰላቸው። ኩባያዎቹን ራሳቸው ለዋወጡ፣ የሳቸውን ኩባያ በኔ ሌላኛው ክንድ ላይ፣ የኔን በሳቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ሁለታችን ጎን ለጎን ክንዳችንን ዘርግተን ተቀመጥን። የኔ ክንድ ሁለተኛ ክብ አወጣ። የሳቸው እንዳለ ነው።

ያኔ ዶክተር ቀስ ብሎ፣ በአክብሮት ነገራቸው።

«እማማ፣ ክንዷን ብቻ ሲነካት እንዲህ ካበጠች፣ ሙሉ ሰውነቷን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትገባ ሁሉም በአንዴ ነው የሚቆጣው። ጉሮሮዋ ሊያብጥ፣ ራሷን ልትስት ትችላለች። እዚያው ውሃው ሥር ልትቀር ትችላለች።»

አማቴ ክንዳቸውን ሸፈኑ። ምንጩን እያዩት እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም እያየሁት ነበር።

«እኔ እኮ ልገድልሽ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉኝ።

«ሊያድኑኝ ነው የመጡት፣ እማማ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን፤ ዶክተርም በረዶው እንዳይባክን ብሎ ለወረፋው ሁሉ በየብርጭቆው ከፋፈለ፣ ለኔ ብቻ ሲቀር።

የሰጠኝ ምክር ዛሬም ትዝ ይለኛል። አንሶላው ደረቅ ይሁን። ስትታጠቢ ውሃው ለብ ይበል። በረዶ የነካ መጠጥ አፍሽ አይግባ። ወንዝ ብቻሽን አትግቢ። ቆዳሽ ሲቆጣ ክኒኗን ዋጫት፣ የዋጥሽ ቀን ግን አታስተምሪ። በርበሬሽንም፣ እንቁላልሽንም፣ ከወደድሽ አምባዛሽንም ብዪ። ስለ ደጋው ሲጠየቅም አገሯ ብትወስዷት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፣ የዚች ልጅ መድኃኒት አዋሽ ነው ብሎ ጨረሰ። የእሱ ስህተት እንዳልነበረ አውቅ ነበር፤ ቢሆንም የበርበሬውን ፈቃድ ከምክሩ ሁሉ መጨረሻ ማድረጉ ትንሽ አናደደኝ።

አማቴ ጠበል ሳያስጠምቁኝ መመለስ ግን አልሆነላቸውም። ያን ያህል መንገድ መጥተው። ጎረቤቴ ወሎዬዋ ናት መላውን ያመጣችው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳው መሀል ፍል ውሃ አለ፣ አፋሩም ከረዩም ለቁርጥማት ይታጠብበታል አለች። ባለቤቴ የእርሻውን ፒክ አፕ ለምኖ ይዞን ሄደ። ዘንባባ ሥር ኩልል ያለ ውሃ ነው፤ አማቴ እጃቸውን ነክረው ሙቀቱ ሲሰማቸው በጥርጣሬ አዩት። የማን ጠበል እንደሆነ ጠየቁ፤ የሚመልስላቸው ጠፋ። ትንሽ አሰቡና የተረፈውን ከምንጩ የመጣ ጠበል ከጉያቸው አውጥተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጠርሙሱን ሙሉ በሙሉ ፍል ውሃው ውስጥ አፈሰሱት። አሁን ግቢ አሉኝ። ገባሁ። እንደዚያ ቀን የተመቸኝ ውሃ የለም። ጎረቤቴ ዳር ላይ እግሯን ነክራ አላህ ያሽርሽ ትላለች፣ አማቴ በስመአብ ይላሉ፤ እኔ መሀል ላይ ተንሳፍፌ እስቃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አማቴ ብቻቸውን ባቡር ተሳፈሩ። መስኮቱ ላይ ሆነው ልጃቸውን ጠርተው አንድ ነገር አሉት።

«እሷ ብርዱን ትታልሃለች። አንተ ደግሞ ላብህን ቻል።»

ቻለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት አንሶላ አልተነከረም። እኔ እሱ ብቻውን ነክሮ ሌላ አልጋ ላይ እንዲተኛ ለመንኩት፤ አንዴ ሁለቴ ተቆጣሁትም። እርጥቡ ይነካሻል፣ ነፋሱ ከኔ ወደ አንቺ ያመጣዋል እያለ እምቢ አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከአጠገቤ መራቅ አልፈለገም፤ እኔም ብዙ አልጫንኩትም። ቀትር ላይ ከተማው ሁሉ በእርጥብ አንሶላ ሥር ሲያንኮራፋ እሱ ደረቅ አንሶላ ላይ በካርቶን ቁራጭ ራሱን እያራገበ ይገላበጣል። ጎረቤቶች በአጥር ላይ «ነከራችሁ?» ሲሉ «ነክረናል» ብሎ ይመልስላቸዋል። ሲያላግጡበት አይወድም ነበር።

ውሉ ሲያልቅ ሥራው ወደ ታች፣ ከሎጊያ ወዲያ ወዳለው የጥጥ እርሻ ወሰደው፤ እኔም አብሬው ወረድኩ። ዛሬ ሰመራ የሚባል ከተማ የቆመበት ሜዳ ያኔ ባዶ ነበር፣ ነፋስና አሸዋ ብቻ። አዋሽን ሞቃት ብሎ የሚያማርር ሰው እዚያ መጥቶ ይየው። ባለቤቴ ከሳ። ካርቶኑ ግን ከእጁ አልተለየም፣ አንሶላውም ደረቅ እንደሆነ ቀረ። ዶክተር ስንሰናበት እንዲህ ዓይነቱ ነገር አንዳንዴ እንደመጣ ሳይታሰብ ይሄዳል፣ ሞክሪው ብሎኝ ስለነበር፣ ሎጊያ ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት በረዶ በመጣ ቁጥር ቀዝቃዛ ጠርሙስ ክንዴ ላይ አኖራለሁ። ጠርሙሱ ሁልጊዜ ራሱን ስሎ ይነሳል። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

አንድ ቀን ከፋሲካ በኋላ እንደልማዴ ጠርሙሱን አኖርኩ። አነሳሁት። ጠበቅኩ። ሻዬን ጨረስኩ፤ ክንዴ እንዳለ ነው። ሌላኛውን ክንዴን ሞከርኩ፣ ምንም። ከዚያ ለስላሳውን ከፍቼ ተጎነጨሁት፤ ከንፈሬ ባለበት ነው። የቤቱ ባለቤት ጠርሙስ አቅፌ ሳለቅስ አይቶ ሰው የሞተብኝ መስሎት ሊያጽናናኝ መጣ።

ባለቤቴ ለምሳ ሳይመጣ ቤት ደረስኩ። ከሣጥኑ ሥር ያችን ድሮ ለኔ የገዛትን ሁለተኛ አንሶላ አወጣሁ፣ ባልዲ ሞላሁ፣ ነከርኳት። አጨማመቁን እጄ አልረሳውም ነበር። በረንዳው ላይ አልጋውን ወደ ነፋሱ አዙሬ አንሶላዋን ዘረጋሁበት። እሱ ላቡን እየጠረገ ገባና አየ። መዳፉን እርጥቡ ላይ አኖረ። ዞሮ ክንዴን ይዞ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ፈተሸው። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ መሆኑን ሲያይ ሸሚዙን አውልቆ ከአንሶላው ሥር ገባ፣ እስከ አገጩም ሳበው። ዓይኖቹን ጨፈነ። እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁት ደስታዬ መያዣ አጣ።

ብዙ አልቆየም። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ አንሶላውን ገፈፈና ገመድ ላይ አሰጣው፣ ከዚያ ካርቶኑን ከራስጌው ፈልጎ ተመለሰና ጥግ ይዞ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«በረደኝ» አለኝ።